የአባዬ እርምጃ በእኔ እግር

ጥቅምት 6

ለታላቋ እህቴ፣ ለመንገድ ቀያሿ፣ ለኮረብታው ንግሥት፦

ሰላምታዬ ቦቴው ከጫነው ናፍጣ ይበልጣል። ወረቀቱ ናፍጣ ናፍጣ ካለሽ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰውን ሹፌር ውቀሺ፤ እኔ ስጽፈው ሳሙና ሳሙና ነበር የሚለው።

አዎ፣ ለአባዬ የላክሽው እርምጃ ቆጣሪ ሰዓት ደርሷል። አይ፣ አልሸጥኩትም። አይ፣ አልሰበርኩትምም። ለወንድም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጻፋል? ደግሞ በአባታችን ነገር እንኳ ትቀልዳለህ ብለሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ ተቀየምኩ። እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ? የዋሸሁባቸውን ቀናት ካልቆጠርሽ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም።

ሰዓቱን አባዬ እጅ ላይ አሰርኩለት። አገላብጦ አየውና ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እጅህ ላይ አለልህ እኮ ስለው ቁጥሩ ከመብዛቱ የተነሳ የቱ ሰዓት እንደሆነ ጠፋኝ አለ። አፑንም በስልኬ ከፍቼ አሳየሁት፤ የእርምጃውን ገጽ፣ የልብ ምቱን ገጽ፣ የምግቡን ገጽ። እሁድ እሁድ አንቺ ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ኔትወርክ ስታገኚ የሄደው ሁሉ እንደሚታይሽ ነገርኩት። እሱም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ሳድል አለቃዬ እንኳ ስንት እርምጃ ሄድክ ብሎኝ አያውቅም አለ።

ዶክተሩ ያሉትን አልረሳሁም፤ በየደብዳቤው አትድገሚልኝ። የልቡ በር በደንብ ስለማይዘጋ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። አሁን ባለው አቅሙ ግን ከቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ አይነሳም። ሦስት ወር ፕሮቲን እየበላ ሥጋ ይጨምር፣ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይራመድ፣ እግሩ ሲጠና ደረቱ ይከፈታል። ካልጠና አይከፈትም። ካልተከፈተ የሚሆነውን አንቺም አልጻፍሽው፣ እኔም አልጽፈውም።

የምግቡን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ምሳ ዓሣ ወይ ዶሮ፣ ማታ ምስር ወይ ባቄላ፣ መሃል ላይ እርጎ፣ ያ የላክሽው የፕሮቲን ዱቄት ደግሞ በወተት። የዱቄቱ ጣሳ ላይ ያለው ሰውዬ አንገት የለውም። አባዬ ሲያየው፣ ምስኪን፣ ምን አግኝቶት ነው ብሎ አዘነለት። የተበላውን በግራም እየለካሁ አፑ ላይ እመዘግባለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ በሒሳብ የጣለኝ መምህር ይህን ቢያይ በሁለት እጁ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር።

በስልክ ለምን አይሆንም ላልሽው፦ አንቺ ከኮረብታው ስትደውዪ ግማሹን የሚያወራው ነፋሱ ነው። ሌላውን ግማሽ አባዬ ጆሮውን ስልኩ ላይ ደቅኖ ይወስደዋል። ደብዳቤ ግን፣ የታሸገ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ሳምንት ቢውል ጫፉን አይነካም። ታውቂዋለሽ፤ የሰው ደብዳቤ ከሚከፍት እጁ ቢሰበር ይመርጣል። ስለዚህ በዚህ ቤት ምስጢር የሚደበቀው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለጊዜው ምስጢር የለኝም እንጂ።

ታዛዥ ወንድምሽ፣
ፌንጣ


ኅዳር 2

ፌንጣዬ፣

አስቀድሜ ይቅርታ። ያን ‘ትቀልዳለህ’ የሚል ቃል መጻፍ አልነበረብኝም። ቅደደውና እንዳልተጻፈ ቁጠረው።

እሁድ ዕለት ኮረብታው ላይ ስልኬን ስከፍት ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አየሁ። ዓይኔ መስሎኝ ስልኩን አጥፍቼ ከፈትኩት። አሁን ካምፑ ውስጥ የአባዬን ቁጥር የማይጠይቀኝ ሰው የለም። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር እንኳ፣ ቂጡ ከወንበር የማይነሳው፣ በአባትሽ ቀናሁ አለኝ።

ገጾቹን ሁሉ ለዶክተሩ ልኬላቸዋለሁ። መልሳቸውን ስማ፦ በዕረፍት ሰዓት የልቡ ምት ሃምሳ ስምንት ነው፣ የወጣት ልብ ይመስላል፣ መድኃኒቱ ከጠበቅነው በላይ ተስማምቶታል ብለዋል። የቀዶ ጥገናውን ቀን ወደፊት ማምጣት ይቻል እንደሆነ እያዩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የአፑ ካርታ ላይ አባዬ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል። ሳጎላው አንተ የምትሠራበት ካፌ ማዕዘን ነው። አንተ ጋ እየመጣ ነው አይደል የሚራመደው? እንደዚያ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ብቻውን መንገድ ላይ ቢደክመው እያልኩ ሳስብ ነበር።

የአባዬን ፎቶ ላክልኝ። ባለፈውም ጠይቄህ ነበር።

እህትህ


ኅዳር 11

ለምወድሽ፣ ጠርጥረሽ ይቅርታ ለምትጠይቂው እህቴ፦

አዎን፣ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ራስሽ ደርሰሽበታል፤ ምን እጨምርበታለሁ። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይመላለሳል። ደንበኞቹ አዲስ አስተናጋጅ መስሏቸው ሻይ ያዝዙታል።

የፎቶው ነገር፣ የስልኬ ካሜራ ዓይኑን ታሟል። ፎቶ ሲያነሳ ሁሉንም ሰው ጭጋግ ውስጥ ያስገባዋል። ሲሻለው እልካለሁ።

ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ በስልክ የነገረችሽን በተመለከተ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተተ እንጂ አልወደቀም። ወደቀ የሚባለው መሬት የደረሰ ሰው ነው። እሱ የደረሰው ባልዲው ጋ ነው። ክርኑ ላይ ትንሽ ተላጠ፣ እኔም ቀባሁለት፣ እሱም ተሳደበ፣ አለቀ።

ስለ ራሴ ለጠየቅሽው፣ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደህንነቴ በዝቷል። የሸሚዜ የደረት ቁልፍ ባለፈው ሳምንት ተፈናጥሮ አንድ ደንበኛ ሳህን ውስጥ ገባ። የካፌው ባለቤት ማን ነው የሚቀልብህ አለኝ። ቤተሰብ አልኩት።

ለዶክተሩ ግን ቶሎ ቶሎ አትላኪላቸው። ሐኪም ሥራ ይበዛበታል። ደግሞስ ምን አስቸኮለን? ሦስት ወር ተብሎ ሦስት ወር ቢሞላ ማንን ይጎዳል? ይህን ቀልድ አድርገሽ አትለፊው።

ፌንጣ


ኅዳር 20

ፌንጣዬ፣

ቦቴው ሊነሳ ነው፣ በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ተራ የነበረው ሌላ በሽተኛ ቀርቶ ቦታ ተገኝቷል፤ ለአባዬ ታኅሣሥ 9 ቀን ተቆርጦለታል። አንተ አትቸኩሉ ብትልም ዶክተሩ ቁጥሮቹን አይተው፣ እንዲህ ከጠነከረ መጠበቁ ነው የሚጎዳው አሉ።

እኔ የምንሠራው ድልድይ ምሰሶ በኮንክሪት ሳይሞላ መነሳት አልችልም። ሆስፒታል አስተኝተህ፣ አብረህ ሆነህ፣ የምትፈርመው አንተ ነህ። ይህን ለአንተ መስጠት ከሁለት ወር በፊት ያስፈራኝ ነበር። አሁን አያስፈራኝም።

ወረቀቶቹን አዘጋጅ። አባዬን ሳምልኝ።


ኅዳር 26

እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እሁድ ስትደውዪ ልነግርሽ ነበር። ስልኩን አባዬ ያዘው፤ ተዘጋጅቻለሁ፣ እንደ ጎረምሳ ነኝ ሲልሽ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዚያ በስልክ መልእክት ልጽፍልሽ ሦስቴ ጀምሬ አጠፋሁት። ኮረብታ ላይ ብቻሽን ቆመሽ እንድታነቢው አልፈለግኩም።

ስድስት ሺህ ሁለት መቶው የእኔ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያየሽው ሁሉ የእኔ ነው። ሃምሳ ስምንት የሚመታው ልብም የእኔ ነው። ዶክተሩ የወጣት ልብ ይመስላል ማለታቸው ልክ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሰዓቱን ባሰረ ማግስት አብረን ወጣን። እስከ ግቢው በር ደህና ነበር። ጫማ ሰፊው ጋ ስንደርስ ትንፋሹ አጠረ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ወንበር ይዛ ወጣች። ያቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ፤ እሱ ደብዳቤ ሲያመጣላት ከሩቅ በአረማመዱ ነበር የምትለየው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እሷም ምንም እንዳላየች ሆና መድኃኒት ስትደረድር ቆየች። ያ ሰፈር በሙሉ የሚያውቀው ሲፈጥን ነው። ሲቆም አይተውት አያውቁም።

ቤት ስንገባ ሰዓቱን ፈትቶ እኔ እጅ ላይ አሰረው። "አንተ እግር አለህ፤ ልጅቷ አትጨነቅ። ለአንድ ሳምንት ብቻ" አለኝ።

እኔም ሳቅኩ፣ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ይህንንም ልንገርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ተንኮል ስሠራ እሱ ቀበቶ ይዞ ከኋላዬ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተንኮል ላይ አብረን ሆንን። ማታ ከካፌ ስመለስ ዛሬ ስንት ሄድኩ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ሰባት ሺህ ስለው፣ አይ ጉልበቴ ይላል። ሁለታችንም እንስቃለን። ደስ ብሎኝ ነበር። ሳምንቱ ሰባት ሳምንት የሆነው በዚህ ነው።

ምግቡም እንደዚያው። ሁለት ጉርሻ ይጎርስና አፌ ውስጥ ይዞራል ይላል። ሳህኑን ወደኔ ይገፋል፤ ልጅቷ ያሰበችበት ነው፣ እንዳይበላሽ፣ አንተ ብላው ይለኛል። እበላለሁ። ከዚያ አፑ ላይ በእሱ ስም እጽፋለሁ። አፑ ጎበዝ ይላል። የእኔ ሸሚዝ ጠቦኛል፣ የእሱን ቀበቶ በሚስማር ሁለት ጊዜ በስቼዋለሁ። ዱቄቱን እንኳ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥም ወድቋል። መሬት ደርሷል።

አሁን ደግሞ ታኅሣሥ 9 እሄዳለሁ ይላል። ቀኑ ሲደርስ እዚያው ይታያል፣ ሐኪም ፊት ልጄን አላዋርድም ይላል። እኔ ልከለክለው አልቻልኩም። አንቺ ንገሪያቸው። አንቺ ከዶክተር ጋር መነጋገር ታውቂበታለሽ፤ እኔን ማን ይሰማኛል?

ፖስታውን ለሹፌሩ እንዲሰጥልኝ ለአባዬ እሰጠዋለሁ፤ እኔ ወደ ሥራ መግባት አለብኝ። ያለፈውን ስሰጠው ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቱ እየተጫነ በደንብ አልታሸገም፣ መንገድ ላይ ይከፈታል ሲል ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ሰላምታ የለኝም።

ያልደወልኩት እጮኻለሁ ብዬ ነው፤ ስጮህ ደግሞ የሚሰማው እሱ ነው።

እኔ አልነግራቸውም። እግሩ ያንተ፣ ልቡ ያንተ፣ እጅህ የጻፈው ግራም ያንተ። የምትነግራቸው አንተ ነህ። ቀኑን ሳትጠብቅ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት፣ አባዬን ይዘህ ትሄዳለህ። እሱ በሌለበት እንዳትነግራቸው። ማንም ካልሰማህ እስኪሰማህ በራቸው ላይ ትቆማለህ።

ቁጣዬ ሁሉ ላንተ እንዳይመስልህ። እኔ ቀያሽ ነኝ። ሥራዬ ካርታ ማንበብ ነው። ያ መስመር በአሥር ሜትር ውስጥ ሲመላለስ ሳየው በሽተኛ ሰው እንደማይሄደው አውቄ ነበር፤ ካፌው መሆኑንም አይቻለሁ። ጥያቄውን ጠይቄህ መልሱንም ራሴ ጻፍኩልህ። አዎ በለኝ ብዬ ነው የለመንኩህ።

ሂድ አሁን።


ታኅሣሥ 7

እህቴ፣

ሄድን። ትናንት።

ምን አልካቸው እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ብዙ አላልኩም። የተለማመድኩት ነበረ፣ በሩ ላይ ጠፋኝ። ሰዓቱን ፈትቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና፣ "ዶክተር፣ እስካሁን ያዩት የእኔን ነው" አልኳቸው። አልገባቸውም። ደገምኩት። አባዬ የመስኮቱን መጋረጃ ያይ ነበር።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። አባዬን ኮሪደሩ ላይ እንዲራመድ አደረጉት፣ እሳቸው ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። አርባ አንድ እርምጃ። አርባ ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል ክንዱን ያዙት። ወደኔ ዞረው፣ በዚህ አቅሙ ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ካርዱ ላይ የነበረውን ቀን በአንድ መስመር ሰረዙት።

መጠየቅሽ ስለማይቀር፦ ጊዜ አለን ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ልቡ ራሱ እየደከመ ነው፤ ብዙ መጠበቅም አደጋ ነው፣ ሳይጠነክር መክፈትም አደጋ ነው አሉ። ያለፈው ሁለት ወር ቢኖረን ጥሩ ነበር አሉ። ጥር 16 ሐሙስ እንመለሳለን። ኮሪደሩን ደርሶ መልስ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል፣ ሳይቆም ከሄደ ይከፍቱታል። ካልሄደ በመድኃኒት ብቻ እስከሄደበት ይሄዳል አሉ። እስከ የት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የቤታችንን በር ስከፍት ነው አባዬ የተናገረው። "የታሸገ ነገሬን ከፈትክብኝ" አለ። ከእሱ አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ቀበቶውን ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓቱ አሁን እሱ እጅ ላይ ነው። ምግቡን ዶክተሩ በትንሽ በትንሹ ስድስት ጊዜ አድርጉት አሉ፤ እንቁላሉ ተፈርፍሮ፣ ምስሩ ቀጥኖ። ዱቄቱን ሳይጠይቁን አትስጡት ብለዋል፣ ስለዚህ አትላኪ። ሳህኑን ወደኔ ሲገፋው መልሼ እገፋዋለሁ። እሱ ሳይጨርስ እኔም እንደማልጎርስ ነገርኩት። ዛሬ ምሳ ላይ ለአንድ ሰዓት ተፋጥጠን ተቀመጥን። ሆዴ ሲጮህ ሰማና አንተ ግትር አለኝ፤ ከዚያ ማንኪያውን አነሳ። ተንኮል ነው ካልሽ ተንኮል ነው፤ ግን እሱ እያየኝ የምሠራው ነው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ገና ነው።

ፌንጣ


ጥር 12

እህቴ፣

አዎ፣ ባለፈው እሁድ ያየሽው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የእሱ ነው። ማልልኝ ስላልሽ አልምልም፤ መሐላዬን ድሮ ጨርሼዋለሁ። እንዴት እንደሄደው ልጻፍልሽ፣ አንቺ ፍረጂ።

ጫማ ሰፊውን አለፈ። መድኃኒት ቤቱ ጋ አልቆመም፣ ሴትዮዋ ግን ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አያት። ጥጉ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ይዞ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት። ድሮ ደብዳቤ የሚያደርስላቸው አንድ ሽማግሌ መጥተው ለረጅም ጊዜ ጨበጡት፤ ትንፋሽ ስላልነበረው መመለስ አልቻለም፣ በእጁ ብቻ ሰላም አላቸው። ልደግፈው ስጠጋ ወደዚያ አለኝ። ከቆመበት ተመለሰ። መቆሙን አፑ አይጽፈውም፤ እኔ ነኝ የምጽፍልሽ፦ አንድ ጊዜ ቆሟል።

ቀበቶው ከበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን ለቋል። እንቁላል ሁለቱንም ይበላል። ዓሣውን ይሰድባል፣ ግን ይበላዋል።

እንዲህ ከሆነ ለምን ደብዳቤህ ያዘነ ይመስላል ትዪኝ ይሆናል፦ ዛሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ዶክተሩ ጋ ከሄድንበት ቀን ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ለሐሙሱ ቀጠሮ አንቺ መምጣትሽን አንስቶ፣ መንገድ ላይ ቢመሽባትስ ምናምን ሲል ቆየና ዋናው ነገር ላይ መጣ። ሐሙስ ዶክተሩ ሲጠይቁህ ሦስት መቶ በላቸው አለኝ። ቤት ውስጥ ሳይቆም ሦስት መቶ ይሄዳል በላቸው፤ ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቢያቅተኝ ፈርቶ ነው ይሉኛል አለ። መጠበቁ ሰልችቶኛል፣ ይክፈቱኝና የሚሆነው ይሁን አለ። አንተ ትችልበታለህ አለኝ።

ልመና ነበር። አባታችን ሲለምን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። አዎ ብለው እንደ ድሮው አብረን እንስቅ ነበር። ወድጄው ነበር እኮ ያን ሳቅ፣ አሁንም ይናፍቀኛል።

"አልልም አባዬ" አልኩት። "ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንድ ጊዜ ቆሟል ነው የምላቸው።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተቆጣ ብዬ ልወጣ ስል፣ እስከ ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው አለኝ። አራት አልኩት። ዛሬን ጨምረህ ነው አለኝ። ጨምሬ ነው አልኩት።

ከዚያ ጫማዬን አምጣ አለ።

ሹፌሩ እስኪመጣ ብዙ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፣ ግን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ና እንጂ እያለኝ ነው።